ቺፍ ለምን አልሞተም?

ሽማግሌው ውሻ ቀበሮውን እያሳደደ ባቡር ድልድይ ላይ ይወጣል። ባቡሩ ከፊት ለፊት እየጮኸ ይመጣል። ቀበሮው ትንሽ ነውና ሐዲዱ መካከል ለጥ ብሎ ይተኛል፤ ባቡሩም በላዩ ያልፋል። ውሻው ግን ግዙፍ ነው፣ ዕድሜውም ገፍቷል፣ የሚሸሸግበት ቦታ የለውም። ባቡሩ ገጭቶት ከድልድዩ ቁልቁል ይወድቃል። ወጣቱ ውሻ ኮፐር ሮጦ ሲደርስ አሳዳጊውን ወንዙ ውስጥ ተዘርሮ ያገኘዋል። ቀና ሲል ደግሞ ከላይ ሆኖ ቁልቁል የሚመለከተው ቀበሮ ይታየዋል። ያ ቀበሮ ቶድ የሚባለው የልጅነት ጓደኛው ነው። ኮፐር እዚያው ላይ ሊበቀለው ይምላል።

ተመልካቹ ቺፍ የሚባለው ያ ሽማግሌ ውሻ አለቀለት ብሎ እርሙን ያወጣል። ጥቂት ቆይቶ ግን ቺፍ እግሩ በጄሶ ታስሮ፣ እየተነጫነጨ ቤት ውስጥ ሲያነክስ ይታያል።

ይህ ትዕይንት ያለበት «ቀበሮውና አዳኙ ውሻ» የተሰኘው የዲዝኒ የካርቱን ፊልም አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ የቀረበው ጁላይ 10 ቀን 1981 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ስቱዲዮው ውስጥ በዚህ ውሻ ሞትና ሕይወት ላይ ብርቱ ክርክር ተካሂዶ ነበር። ወጣቶቹ የታሪክ ክፍል ሠራተኞች፣ በተለይም ሮን ክሌመንትስ፣ ቺፍ መሞት አለበት አሉ። ምክንያታቸው ቀላል ነው፤ እግር በመሰበሩ ብቻ አንድ ውሻ የልጅነት ወዳጁን ለመግደል አይነሳም፤ ጥላቻው መሠረት ያጣል። ከዳይሬክተሮቹ አንዱ የነበሩት አንጋፋው አርት ስቲቨንስ ግን በጄ አላሉም። የዲዝኒ ፊልም ዋና ገጸ ባሕርይ ገድሎ አያውቅም፣ አሁንም አይጀምርም ነበር መልሳቸው። ወጣቶቹ ጉዳዩን ወደ በላይ አመራር ይዘው ወጡ፤ አመራሩም ከስቲቨንስ ጎን ቆመ። አንጋፋው ሠዓሊ ኦሊ ጆንስተን ለሙከራ ሥለውት የነበረው፣ ቺፍ የታሰረ እግሩን እየጎተተ የሚንጎማለልበት ትዕይንት በፊልሙ ውስጥ ጸና። ውሻው ከወደቀ በኋላ የሚታይበት ሥዕልም እንደገና ተሠራ። ዓይኑ ተገልጦ እንዲከደን ተደረገ፤ ተመልካቹ እስትንፋሱ እንዳለች እንዲያውቅ ነው።

የስቲቨንስ ክርክር የፊልም ቤቱን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ግር ማለቱ አይቀርም። ዲዝኒ ገድሎ አያውቅም? የባምቢን እናት ማን ገደላት?

«ባምቢ» የወጣው በ1942 ነው፤ መነሻው የኦስትሪያዊው ደራሲ የፊሊክስ ሳልተን መጽሐፍ ነው። በፊልሙ ውስጥ እናቲቱ ስትመታ አትታይም። የክረምቱ ማብቂያ ላይ ግልገሉና እናቱ ከበረዶው ሥር ብቅ ያለ ሣር ሲግጡ አደጋ ይሸታታል፤ ሩጥ፣ ወደ ኋላ አትይ ትለዋለች፤ ጥይት ይሰማል። ግልገሉ ጥሻው ውስጥ ገብቶ «ደረስን» ብሎ ሲዞር ማንም የለም። በረዶው ደግሞ መልሶ ይጥላል። ከሰማንያ ዓመት በላይ የብዙ አገር ሕፃናትን ያስለቀሰው ይህ ሞት በዓይን ያልታየ ሞት ነው። ሥዕሎቹ የሚያሳዩት ፍለጋውን ብቻ ነው።

የዋልት ዲዝኒ ልጅ ዳያን ፊልሙን ስታይ ዘጠኝ ዓመት አልሞላትም ነበር። እናትየዋ ለምን ሞተች ብላ አባቷን እንደሞገተች ይነገራል። ዋልት ዲዝኒ «መጽሐፉ እንዲያ ስለሚል ነው» ብለው ሊያመልጡ ሲሞክሩ፣ ልጅቱ ሌላውን ሁሉ እንዳሻህ ለውጠህ የለም ወይ፣ ደግሞስ አንተ ዋልት ዲዝኒ አይደለህም ወይ ብላ አፋቸውን አስያዘቻቸው። ቅሬታው ከቤት ብቻ አልመጣም፤ የአሜሪካ አዳኞችም ፊልሙ ስማችንን አጠፋ ብለው ተቆጥተዋል። ጦርነቱ የአውሮፓን ገበያ ዘግቶት ስለነበር «ባምቢ» በመጀመሪያ ዙር ወጪውን እንኳ አልመለሰም።

እዚህ ላይ የታሪክ አጋጣሚ ፈገግ ያሰኛል። በ1942 አባቷን የሞገተችው ዳያን አድጋ የእግር ኳስ ተጫዋች የነበረውን ሮን ሚለርን አገባች። ቺፍ ይሙት አይሙት የሚለው ክርክር በተነሳበት ዘመን የስቱዲዮውን የፊልም ሥራ በበላይነት የሚመሩት እኚሁ አማች ነበሩ። የሚስታቸው የልጅነት እንባ በውሳኔው ላይ ተጽዕኖ ነበረው ማለት አይቻልም። ቢሆንም ቤቱ ውስጥ ጥያቄው አዲስ እንዳልነበረ ያሳያል።

ስቲቨንስን ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ማለትም አይገባም። ከ«ባምቢ» በኋላ የተተከለውን ልማድ ነው የተናገሩት። ልማዱም ይሄ ነው፦ ተመልካቹን ጥቂት አስለቅስ፣ ከዚያ የተለቀሰለትን መልሰህ ስጠው። በ1955 በወጣው «እመቤቲቱና ባለጌው» ውስጥ ትረስቲ የሚባል አሽትቶ የማደን ችሎታው የከዳው ሽማግሌ ውሻ አለ። ጓደኛውን ለማዳን የውሻ ማጎሪያ ጋሪ ሲያሳድድ ጋሪው ይገለበጥና ሥሩ ይቀራል። ባልንጀራው ቀና ብሎ እያላዘነ ሲያለቅስ ትዕይንቱ ይዘጋል። በመጀመሪያው ሐሳብ ትረስቲ እዚያው ሊሞት ነበር። ለፊልሙ ዘፈን የጻፈችውና ድምፅ የሰጠችው ዘፋኝ ፔጊ ሊ ናት ዋልትን ለምና ያስማረችው። ለገና በዓል ሲመጣ እግሩ በፋሻ ታስሮ ይታያል። በ1967ቱ «የጫካው መጽሐፍ» ደግሞ ድቡ ባሉ ከነብሩ ጋር ተናንቆ ይዘረራል፤ ጥቁሩ ግስላ እስከ ሙሾ የሚደርስ የሽኝት ንግግር ያደርግለታል፤ ባሉ ግን ነቅቶ ንግግሩን በደስታ እያዳመጠ ነበር።

ስለዚህ የቺፍ ጄሶ ዘመድ አለው፤ የትረስቲ ፋሻ ታናሽ ወንድም ነው። ልዩነቱ ትረስቲ ከታሪኩ ዳር ያለ ገጸ ባሕርይ መሆኑ ላይ ነው። እሱ ቢድን የሚፈርስ ነገር የለም። ቺፍ ሲድን ግን የሚፈርስ ነገር ነበር።

የፈረሰውን ለማየት ወደ መጽሐፉ መሄድ ያስፈልጋል። «ቀበሮውና አዳኙ ውሻ» መጀመሪያ በ1967 የታተመ የዳንኤል ማኒክስ ልብ ወለድ ነው። ማኒክስ አስገራሚ ሰው ነበሩ፤ በወጣትነታቸው በተንቀሳቃሽ ትርዒት ቤቶች ሰይፍ እየዋጡ ሕዝብ አዝናንተዋል። ይህን መጽሐፍ ለመጻፍ ደግሞ ሁለት ቀበሮዎችን ሳያስሩ አላምደው፣ እንዳሻቸው ሲወጡና ሲገቡ፣ ሲያድኑና ሲሸሹ ከአንድ ዓመት በላይ ተከታትለዋል። ልብ ወለዱ ውስጥ እንስሳቱ አይነጋገሩም። ዓለምን የሚያውቋት በማሽተት ነው። ኮፐርና ቶድም ጓደኛሞች ሆነው አያውቁም። ባለቤቱ የሚወደው ውሻ ቺፍ ነው፤ ኮፐር በእሱ ይቀናል። ቺፍ ቀበሮውን እያሳደደ ሳለ ባቡር ይደፈጥጠዋል፤ ይሞታልም። አዳኙ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕይወቱን ለአንድ ቀበሮ በቀል ይሰጣል። ኮፐርንም ከዚያ ከአንዱ ቀበሮ በስተቀር ሌላ ሽታ እንዳይከተል አድርጎ ያሠለጥነዋል።

ዓመታት ያልፋሉ። የቶድ ሚስቶችና ግልገሎች በወጥመድና በጥይት ያልቃሉ። አካባቢው በመንገድና በቤት ይዋጣል፣ ጫካው ይሳሳል፣ አዳኞቹ አንድ በአንድ ይተዋሉ። በመጨረሻው አደን ኮፐር ቀበሮውን እስኪዝል ያሳድደዋል፤ ቶድ ጥርስ ሳያርፍበት፣ ጥይትም ሳያገኘው በድካም ብቻ ወድቆ ይሞታል። ኮፐርም በላዩ ተዝለፍልፎ ይወድቃል፣ ለጥቂት ይተርፋል። ጥቂት ጊዜ ዝናው ይወራል፣ ከዚያ ይረሳል። ጌታው መጠጥ ያበዛል። ዘመድ ወዳጅ ወደ አረጋውያን መጦሪያ ግባ ይሉታል፤ እዚያ ደግሞ ውሻ አይፈቀድም። ጠመንጃውን ይዞ ኮፐርን ወደ ውጭ ይወስደዋል። ውሻው እስከ መጨረሻው ያምነዋል።

ከዚህ መጽሐፍ የቤተሰብ ፊልም ለመሥራት ማሰብ በራሱ ድፍረት ነው። ዲዝኒ መብቱን ቢገዛም ሥራው የተጀመረው በ1977 አካባቢ ነው። ታሪኩን የወደዱት በስቱዲዮው ውስጥ ዉሊ በሚለው ቅጽል ስማቸው የሚጠሩት አንጋፋው ዎልፍጋንግ ራይተርማን ሲሆኑ፣ ከልጆቻቸው አንዱ በአንድ ወቅት ቀበሮ ያሳድግ ስለነበር ጉዳዩ ልባቸውን እንደነካው ይነገራል። ከመጽሐፉ የተረፈው ጥቂት ነገር ነው፤ ስሞቹ፣ ድልድዩና ባቡሩ፣ ወጥመዱ፣ የበቀሉ ስሜት። የተጨመረው ግን ሁሉን ነገር ለወጠው፦ ግልገሉ ቀበሮና ቡችላው በልጅነት ጫካ ውስጥ ተገናኝተው ወዳጅነታችን ለዘላለም ይሁን ተባባሉ።

ዘመኑ ለስቱዲዮው የሽግግር ዘመን ነበር። ዋልት ከሞቱ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል። «ዘጠኙ አዛውንቶች» ይባሉ የነበሩት የመጀመሪያው ትውልድ ሠዓሊዎች አንድ በአንድ እየወጡ ነው። ከእነሱ ውስጥ ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን በዚህ ፊልም ላይ የመጀመሪያዎቹን ትዕይንቶች ሥለው በ1978 ጡረታ ወጡ። በቦታቸው የገቡት ወጣቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ከካሊፎርኒያ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመጡ ነበሩ። ስማቸውን ዛሬ ሲዘረዝሩት የአንድ ክፍለ ዘመን ሩብ የአኒሜሽን ታሪክ ይመስላል፦ ጆን ላሴተር፣ ብራድ በርድ፣ ጆን መስከር፣ ሮን ክሌመንትስ፣ ግሌን ኪን፣ ቲም በርተን። በርተን የሴቷን ቀበሮ የቪክሲን ትዕይንቶች እንዲሥል ተመድቦ ነበር፤ እሱ ራሱ እንደተናገረው ሥዕሎቹ መኪና የገጨው ቀበሮ ይመስሉ ስለነበር ከሩቅ የሚታዩትን ብቻ ሰጡት። ኋላ የት እንደደረሰ ለሚያውቅ ሰው ደስ የሚል ወሬ ነው።

አንጋፋዎቹና ወጣቶቹ በሁሉም ነገር ይጋጩ ነበር። ራይተርማን የፊልሙ መካከል ላይ ሕይወት ይጎድላል ብለው ሁለት ቁመተ ሎጋ ወፎች ብቅ ብለው በቀልድ የሚዘፍኑበት ትዕይንት ሊያስገቡ ተነሱ። ዘፈኑ ተቀዳ፣ ዘፋኟ ቻሮ ስትጨፍርም ለሠዓሊዎቹ ተቀረጸች። ወጣቶቹ ግን ታሪኩን ይበትነዋል ብለው ተቃወሙ፤ በዚህኛው ተሰምተው ወፎቹ ወጡ። ራይተርማን ይህ ሥራ የወጣት ሳይሆን አይቀርም ብለው በሐዘን እንደተናገሩ ተጽፏል። የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት በአውሮፕላን አብራሪነት ያሳለፉ፣ ከ«በረዶዬ» ጀምሮ የቤቱን ፊልሞች የሠሩ ሰው ናቸውና ቃሉ ቀላል አልነበረም።

ከዚያ ደግሞ የባሰ መጣ። ሴፕቴምበር 13 ቀን 1979 ዶን ብሉዝ በገዛ ልደቱ ቀን ሥራውን ለቀቀ። ጋሪ ጎልድማንና ጆን ፖምሮይ ተከተሉት፤ ወዲያው ሌሎች ባልደረቦቻቸውም ወጡ። ብሉዝ ለዚህ ፊልም ቶድን ያሳደገችውን የመበለቲቱንና የላሟን ትዕይንት የሣለ ሰው ነው። ለ1980 ገና ታስቦ የነበረው ፊልም ለ1981 አጋማሽ ተላለፈ። ሲያልቅ 180 ሰዎች፣ ከእነሱም 24 አኒሜተሮች የተሳተፉበት፣ ወደ 360,000 የሚጠጉ ሥዕሎች የተሣሉበት፣ 12 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ ሥራ ሆነ። እስከዚያ ድረስ እንዲያ ያለ ገንዘብ የወጣበት የካርቱን ፊልም አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያው ዙር ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቷል። ተቺዎች ተከፋፈሉ፤ አዲስ ነገር የለውም ያሉት ብዙ ናቸው። ሮጀር ኢበርት ግን ከላይ ሲታይ የተለመደ ቢመስልም ኅብረተሰብ ጠባያችንን እንዴት እንደሚወስነው የሚናገር ፊልም ነው ብሎ አመሰገነው።

የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል፤ የተመልካቹ ቅሬታ ሁሉ የሚነሳው ከእነሱ ነውና።

ቶድን ያሳደገችው መበለቲቱ ወይዘሮ ትዊድ ለሕይወቱ ፈርታ አደን ወደተከለከለበት ደን ወስዳ ለቃዋለች። እዚያ ከቪክሲ ጋር ተጣምሯል። የኮፐርና የቺፍ ጌታ የሆነው አዳኙ ኤመስ ስሌድ አጥሩን አልፎ ከኮፐር ጋር ይገባል፤ ወጥመድ ያጠምዳል፣ ያሳድዳል። በድንገት አንድ ግዙፍ ድብ ይነሳባቸዋል። ስሌድ ወደ ኋላው ሲያፈገፍግ እግሩ ባጠመደው ወጥመድ ተይዞ ይቀራል። ኮፐር ብቻውን ድቡን ይጋፈጣል፣ ይደቆሳልም። ይህን ጊዜ ሸሽቶ የነበረው ቶድ ተመልሶ ድቡ ላይ ይወጣል። ግሌን ኪን የሣለው ይህ ፍልሚያ በዚያ ዘመን ከታዩት የካርቱን ትዕይንቶች ሁሉ ኃይለኛው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ መስመሩ ሻካራ፣ ድቡም ጥቁር ተራራ ነው። ቀበሮውና ድቡ በፏፏቴው ላይ ከተጋደመ ግንድ ጋር አብረው ይወድቃሉ።

ቶድ ከታች ካለው ኩሬ እየተንገዳገደ ይወጣል። ኮፐር ይደርስበታል። ስሌድም ጠመንጃውን አነጣጥሮ ይቆማል። ኮፐር በቀበሮውና በጠመንጃው አፈ ሙዝ መካከል ይገባል። ውሻው ወደ ጌታው ቀና ብሎ ያያል፤ አንዲት ቃል የለም። ስሌድ ያመነታል፣ ከዚያ ጠመንጃውን ዝቅ ያደርጋል። ሁለቱ ወዳጆች ይተያያሉ፣ ፈገግ ይላሉ። ኮፐር ጌታውን ተከትሎ ይሄዳል።

ሌላው ሁሉ ይስተካከላል። ስሌድ የቆሰለ እግሩን የምታስርለት እስከ ትናንት የሚያኮርፋት ጎረቤቱ ወይዘሮ ትዊድ ናት። (ፋሻ ለዲዝኒ ውሾች ብቻ የተመደበ አልነበረም ማለት ነው።) ሌሎች ሁለት ወፎች ከፊልሙ መጀመሪያ ጀምሮ ሊበሏት የሚያሳድዷት አባጨጓሬ ቢራቢሮ ሆና በፊታቸው ትበራለች። ቺፍ በጌታው እግር ሕመም ላይ ያላግጣል። ኮፐር በደጁ ተኝቶ የልጅነት ቃል ኪዳናቸውን እያስታወሰ ፈገግ ይላል። ቶድ ደግሞ ከቪክሲ ጋር ኮረብታው ላይ ሆኖ ሁለቱን ቤቶች ቁልቁል ይመለከታል። ፊልሙ አለቀ።

እዚህ ላይ ነው ተመልካቹ ለሁለት የሚከፈለው። አንዳንዱ መጨረሻውን የሚወደው ስለማይዋሽ ነው ይላል፤ የልጅነት ጓደኛ ሁሉ አብሮ አያረጅም፣ የየራስ ኑሮ ይመጣል። ሌላው ደግሞ ዕረፍት ይነሳዋል። ተዋጉ፣ ተዳዳኑ፣ ታረቁ፤ አዳኙ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ፤ ታዲያ ለምን አይገናኙም? ከኮረብታው እስከ ቤቱ ያለው መንገድ የሚታይ፣ በእግር የሚኬድ መንገድ ነው። ማን ከለከላቸው? ስሌድ? እሱ እኮ ለስልሷል። ፊልሙ መልስ አይሰጥም። የሚያሳየው የሁለት ቤት ጢስና የአንድ ቀበሮ እይታ ብቻ ነው።

ሮን ክሌመንትስና ጓደኞቹ የተሸነፉበት ክርክር ዋጋው የሚታየው እዚህ ነው። ቺፍ በድልድዩ ላይ ሞቶ ቢሆን ኖሮ በሁለቱ ወዳጆች መካከል መቃብር በኖረ ነበር። ኮፐር የአሳዳጊውን ደም ይቅር ብሎ ጠመንጃ ፊት ሲቆም ተግባሩ ከባድ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ በየፊናቸው መሄዳቸውም የሚያስገርም አይሆንም። ይቅር መባባል ይቻላል፣ አብሮ መኖር ግን ይከብዳል ብሎ ሕፃን እንኳ ይረዳዋል። ቺፍ ሲድን መቃብሩ ጠፋ፤ መለያየቱ ግን እንዳለ ቀረ። ምክንያቱ የተነቀለበት ሐዘን ተመልካቹ እጅ ላይ ቀረ። ሕፃናትን ከሐዘን ለመጠበቅ የተደረገው ውሳኔ ማስተዛዘኛ የሌለውን ሐዘን አወረሳቸው። ይህ የስቲቨንስ ሐሳብ እንዳልነበረ ግልጽ ነው፤ ፊልሙ ዛሬ ድረስ የሚነሳው ግን ከስሕተቱ የተነሳ ይመስላል። ቺፍ ቢሞት ኖሮ «ቀበሮውና አዳኙ ውሻ» የተሟላ ፊልም ይሆን ነበር። እንዲህ ሆድ የሚያባባ መሆኑ ግን ያጠራጥራል።

በዚያው ዘመን ሌላ አገር ያሉ ሠዓሊዎች ይህን ያህል አላመነቱም። ዲሴምበር 26 ቀን 1982 በእንግሊዝ ቻናል ፎር ቴሌቪዥን የታየው «የበረዶው ሰው» ልጁ ማለዳ ተነስቶ የበረዶ ወዳጁ ቀልጦ ሲያገኘው ያልቃል። መጽሐፉን የሠሩት ሬይመንድ ብሪግስ ኋላ ሲጠየቁ በረዶም ይቀልጣል፣ ወላጅም ይሞታል፣ ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው የሚል መልስ ሰጥተዋል። ጃፓን ውስጥ ኤፕሪል 16 ቀን 1988 የኢሳኦ ታካሃታ «የእሳት ዝንቦች መቃብር» ከሃያኦ ሚያዛኪ «ጎረቤቴ ቶቶሮ» ጋር በአንድ ትኬት ቀረበ። የመጀመሪያው በጦርነት ማግሥት ባቡር ጣቢያ ውስጥ በረሃብ በሚሞት ልጅ ይጀምራል፤ ታናሽ እህቱም ከእሱ በፊት አልቃለች። መነሻው አኪዩኪ ኖሳካ እንደ ማኒክስ ሁሉ በ1967 ያሳተሙት ታሪክ ነው፤ እሳቸውም በ1945 እህታቸውን በረሃብ ያጡ ሰው ነበሩ። ታካሃታ ሞቱን ከፊት አስቀምጠው ተመልካቹ ተስፋ እንዳያደርግ አስቀድመው አስጠንቅቀዋል። ዲዝኒ ተስፋውን እስከ መጨረሻው ደቂቃ ይዞ ያቆየዋል፤ ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው።

ከዲዝኒ የወጣው ብሉዝ በ1988ቱ የዳይኖሰሮች ፊልሙ የትንሹን ጀግና እናት በዝናብ ውስጥ፣ ልጇን እያነጋገረች አስሞታት። ቤት የቀሩት ወጣቶችም ሥልጣኑ እጃቸው ሲገባ ያደረጉትን መከተል ደስ ይላል። ክሌመንትስና መስከር በ1989 «ትንሿ የባሕር ልጅ»ን ዳይሬክት አደረጉ። የፊልሙ መነሻ የሆነው፣ ደራሲው አንደርሰን በ1837 የጻፈው ተረት ልጅቱ የወደደችው ልዑል ሌላ ሲያገባ ወደ ባሕር አረፋ ስትለወጥ ያሳያል። ቺፍ ይሙት ብሎ የተከራከረው ሰው ግን ልጅቱን ከልዑሉ ጋር አጋብቶ በመርከብ ሸኛት። ሐሳቡን ለወጠ ወይስ ገበያውን አወቀ? ምናልባት ሁለቱም። በ1994 ደግሞ «አንበሳው ንጉሥ» ሙፋሳን ተመልካች እያየ ገደለው፤ ደቦሉ ከሬሳው ሥር ገብቶ ተኛ። ስቲቨንስ የጠበቁት አጥር እዚያ ላይ ፈረሰ። ራሱ ክሌመንትስ እስከ 2009 ቆየ፤ ከመስከር ጋር በሠራው «ልዕልቲቱና እንቁራሪቱ» ውስጥ ሬይ የሚባለውን በሌሊት የሚያበራ ጥንዚዛ በእርግጥ ገደለው። ቢሆንም ሬይ በሚወዳት ኮከብ አጠገብ አዲስ ኮከብ ሆኖ ብቅ ይላል። የቤቱ ልማድ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀውም።

ላሴተር ይሠራበት የነበረው የፒክሳር ቤት በ2010 ያወጣው ሦስተኛው «የአሻንጉሊት ታሪክ» ደግሞ ስለ መለያየት ነው። አንዲ ለዩኒቨርሲቲ ሊሄድ ሲነሳ አሻንጉሊቶቹን ለአንዲት ትንሽ ልጅ ይሰጣል፣ የእያንዳንዱን ጠባይ እየነገረ ለመጨረሻ ጊዜ ይጫወትባቸዋል። አዋቂዎች ሲኒማ ቤት ውስጥ ያለቀሱበት ትዕይንት ነው። ይህኛው ስንብት ግን ምክንያት አለው፣ ወግ አለው፣ ደኅና ሁኑ የተባለበት ነው። ለቶድና ለኮፐር ማንም ይህን አልሰጣቸውም።

በ2006 ዲዝኒ በቀጥታ በዲቪዲ የሚሸጡ ተከታይ ክፍሎችን በብዛት እያወጣ ሳለ የቶድና የኮፐርም ተራ ደረሰ። ዕድሉ ነበር፤ አንድ ጸሐፊ ከኮረብታው ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ ሊያስኬዳቸው፣ አርጅተው ሊያገናኛቸው ይችል ነበር። ይህ አልሆነም። ዲሴምበር ላይ የወጣው ሁለተኛው ክፍል ታሪኩን ወደ ልጅነታቸው መለሰው፤ ቶድ ገና ግልገል፣ ኮፐርም ገና ቡችላ ሆኖ፣ የገጠር ባዛር ላይ ከሚዘፍኑ ውሾች ቡድን ጋር ተቀላቅሎ ዝነኛ ለመሆን ይሞክራል። ፓትሪክ ስዌዚና ሬባ ማኬንታየር ድምፅ ሰጥተውበታል። የዚያው ዓመት ሁለተኛው «ባምቢ»ም እንዲሁ የእናቲቱ ሞት ካለፈ በኋላና ግልገሉ ከማደጉ በፊት ባለው ክፍተት ውስጥ ገብቶ የተሠራ ነው። ሁለቱም ፊልሞች ከመጀመሪያው ፊልም ፍጻሜ አያልፉም።